ሰው በሌለበት ቤት ራሱን የሚያነሣ ኮምፒውተር

የዛሬው ርዕስ ከአገር አገር የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው፦ ቤት ያለውን ኮምፒውተር ሌላ ቦታ ሆኖ መጠቀም።

መግባቱ ዛሬ ከባድ አይደለም። አንድ ነጻ ፕሮግራም ትጭናላችሁ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የቤታችሁን ስክሪን በስልካችሁ ታያላችሁ። ከባዱ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ቤት ማንም የለም፤ መብራት ለአንድ ደቂቃ ሄዶ ተመልሷል፤ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ተሰጥቶታል፤ ዊንዶውስ ሌሊት ራሱን አድሶ ጠፍቶ ተነሥቷል። ስለዚህ ይህን ሥራ ስጀምር የምጠይቀው «አንድ ነገር ሲቋረጥ ማን ይመልሰዋል?» ብዬ ነው። መልሱ በእያንዳንዱ እርምጃ «ቤቱ ራሱ» እስኪሆን ድረስ ዝግጅቱ አላለቀም።

እኔ የምኖረው በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። በአሜሪካ የበጋ ወራት የሰዓት ልዩነቱ 7 ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሥራ ስጀምር ቤቴ ያለበት ከተማ ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ጎረቤት ቀስቅሶ «እባክህ ያንን ገመድ ነቅለህ መልሰህ ሰካልኝ» ማለት አይቻልም።

ቤታችሁ የራሱ የፖስታ ሳጥን አለው?

ነገሩን በፖስታ እንየው። አገር ቤት ፖስታ የሚላከው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሃምሳ ሠራተኞች ቢኖሩት ሁሉም በአንዱ ሳጥን ቁጥር ይጻጻፋሉ። መልስ ሲመጣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ማን ወደ የት እንደጻፈ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ማንም ሳይጽፍ በድንገት የመጣ፣ ስም የሌለበት ደብዳቤ ግን ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ራውተራችሁ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አሠራሩ ኤንኤቲ ይባላል። ቤት ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምሩ የውስጥ ቁጥሮች አሏቸው፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም በራውተሩ አንድ አድራሻ ይታያሉ።

ምክንያቱ የአድራሻ እጥረት ነው። አይፒ ስሪት 4 በ32 ቢት የተሠራ ስለሆነ ያሉት አድራሻዎች በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ናቸው። ለአህጉራዊ መዝጋቢዎች የሚከፋፈለው ዋናው ክምችት በፌብሩዋሪ 2011 አለቀ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ የተነሣ ብዙ ኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ በተለይ በሞባይል ኔትወርክ የቤት ኢንተርኔት የሚሰጡት፣ በራሳቸው በኩል ሌላ ኤንኤቲ ጨመሩ። ይህ ሲጂኤንኤቲ ይባላል። በምሳሌያችን መሠረት መሥሪያ ቤታችሁ የራሱ ሳጥን የለውም፤ መላው ሰፈር በአንድ ሳጥን ይጠቀማል ማለት ነው።

የእናንተ ቤት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ቁጥር አወዳድሩ። አንደኛ፣ የራውተራችሁን ገጽ ከፍታችሁ በውጭ በኩል የተሰጠውን አይፒ አድራሻ ጻፉ። ሁለተኛ፣ «የእኔ አይፒ ስንት ነው» የሚል ማንኛውንም ድረ ገጽ ከፍታችሁ የሚያሳያችሁን ቁጥር ጻፉ። አንድ ዓይነት ከሆኑ የራሳችሁ ሳጥን አላችሁ። ከተለያዩና የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከጀመረ ሲጂኤንኤቲ ውስጥ ናችሁ፤ ይህ ክልል በ2012 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተመደበ ነው። የራውተሩ ቁጥር በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ፤ አቅራቢው የሰጣችሁ ሣጥንና እናንተ የገዛችሁት ራውተር ተደራርበው ይሆናል።

በሩን አትክፈቱ

በዩቲዩብ የምታገኙት የቆየው ምክር ፖርት ፎርዋርዲንግ ነው፦ ራውተሩን «በዚህ ፖርት የመጣውን ሁሉ ወደዚያ ኮምፒውተር አሳልፍ» ማለት። በሲጂኤንኤቲ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ጨርሶ አይሠራም፤ ደብዳቤው እናንተ ራውተር ጋ ሳይደርስ ይቀራልና። የራሱ አድራሻ ላለው ሰው ደግሞ ይሠራል፤ ግን አደጋ አለው።

የዊንዶውስ የርቀት ዴስክቶፕ አርዲፒ በፖርት 3389፣ ኤስኤስኤች በ22፣ ቪኤንሲ በ5900 ይጠብቃሉ። መላውን ኢንተርኔት እየዞሩ እነዚህን በሮች የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። ፖርቱን ከከፈታችሁ በኋላ የመግቢያ መዝገቡን ብታዩ የማታውቋቸው አድራሻዎች የይለፍ ቃል ሲሞክሩ ታገኛላችሁ። የይለፍ ቃላችሁ ጠንካራ ቢሆንም ፕሮግራሙ ራሱ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። በሜይ 2019 ማይክሮሶፍት ብሉኪፕ ለተባለው የአርዲፒ ቀዳዳ ማስተካከያ አወጣ። ቀዳዳው ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ስለነበረ ኩባንያው ድጋፉን ላቆመበት ለዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ማስተካከያ ሰጥቷል። ቤት ያለው ኮምፒውተር የልጆች ፎቶ፣ የግብር ሰነድና የፓስፖርት ቅጂ የያዘ ነው። 3389ን ለዓለም መክፈት የማይገባው ለዚህ ነው።

ቤቱ ራሱ ይደውል

መፍትሔው ከፖስታው ምሳሌ ውስጥ አለ። ያልተጠበቀ ደብዳቤ ይቀራል፤ መልስ ግን ይደርሳል። ስለዚህ የቤቱ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ውጭ ይጻፍና መስመሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቅ። እኛ በዚያ በተከፈተው መስመር ተመልሰን እንገባለን። ይህን የሚያደርገው ቪፒኤን ነው፤ እኔ የምመርጠውም ዋየርጋርድን ነው።

ዋየርጋርድ ከማርች 2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል 5.6 ውስጥ የተካተተ ሲሆን ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለአንድሮይድና ለአይፎንም አለ። የይለፍ ቃል የለውም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ አንዱ የግል፣ አንዱ ለሌላው የሚሰጥ። ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ሰው መልስ አይሰጥም። የሚያንኳኳው ሰው በሩ መኖሩንም አያውቅም።

በተግባር ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፣ ቋሚ አድራሻ ያለው አንድ ትንሽ ሰርቨር ተከራይታችሁ ቤቱም ላፕቶፓችሁም ወደ እሱ እንዲደውሉ ማድረግ ነው። ቤት ባለው በኩል ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚባለውን ቅንብር 25 ሰከንድ አድርጉት። ራውተሩ ዝም ያለ መስመርን ከመዝገቡ ይሰርዛል፤ በየ25 ሰከንዱ የምትላከው ትንሽ ፓኬት «አለሁ» እያለች መዝገቡን ታቆያለች።

ሁለተኛው መንገድ እንደ ቴይልስኬል ያለ አገልግሎት ነው። ከውስጥ የሚሠራው በዚያው በዋየርጋርድ ነው፤ ቁልፍ መለዋወጡንና መንገድ መፈለጉን ግን እሱ ያደርግላችኋል። ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ መገናኘት ካልቻሉ ትራፊኩን እንደተመሰጠረ በራሱ ሰርቨሮች በኩል ያሳልፋል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው። ሁለት ነገር ግን አስተካክሉ። የመሣሪያ ቁልፍ ሳይታደስ የሚቆየው እንደ ነባሪው ቅንብር 180 ቀን ነው፤ ቤት ለሚቀረው ማሽን የቁልፍ ማብቂያውን አጥፉት፤ አለበለዚያ ጉዞ ላይ እያላችሁ ሊዘጋባችሁ ይችላል። በዊንዶውስ ደግሞ ሰው ሳይገባ እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ፤ ኮምፒውተሩ ራሱን አድሶ ሲነሣ ማንም ይለፍ ቃል ሳይጽፍ ቪፒኤኑ መነሣት አለበት።

በገልፍ አገሮች ያላችሁ ወይም በዚያ የምታልፉ፣ ስለ ቪፒኤን አጠቃቀም የአገሩ ሕግ የሚለውን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ቁጥሮቹ አይጋጩ

ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ያስቸግራል። ቤታችሁ 192.168.1 የሚል የውስጥ ክልል አለው እንበል። የምታርፉበት ሆቴል ወይም የዘመድ ቤትም 192.168.1 ነው፤ አብዛኛው ራውተር ከፋብሪካ የሚመጣው በዚህ ወይም በ192.168.0 ነውና። ከዚያ ላፕቶፓችሁን «192.168.1.20 ጋ ሂድ» ስትሉት የትኛው? አጠገቡ ያለውን ይመርጣል፤ የእናንተን ዲስክ ሲፈልግ የዘመዳችሁን ፕሪንተር ያገኛል።

ስለዚህ የቤታችሁን ክልል ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት ለውጡት፤ ለምሳሌ 10.83.27። ከዚያም በራውተሩ ዲኤችሲፒ ገጽ ላይ ለዋናው ኮምፒውተር፣ ለዲስኩና ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር ያዙላቸው። ዋናውን ኮምፒውተር በዋይፋይ አትተዉት፤ በኤተርኔት ገመድ አያይዙት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ከባዮስ ጀምሩ። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባዮስ ውስጥ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ምርጫ አለ። ጠፍቶ እንዲቀር ከተደረገ የአንድ ሰከንድ መቋረጥ ጉዞውን ሙሉ ያሳጣችኋል። እንዲነሣ አድርጉት። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው የሚሻል ይመስላል፤ ግን ባትሪው ካለቀ በኋላ ኃይል ሲመለስ ብዙዎቹ በራሳቸው አይነሡም። ኮምፒውተሩ እንዳይተኛም ቅንብሩን አስተካክሉ።

ቀጥሎ የዲስክ ምስጠራ አለ። ዲስኩ በይለፍ ቃል የሚከፈት ከሆነ ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ግን የይለፍ ቃል እየጠበቀ ይቆማል፤ ቪፒኤኑም ገና አልተነሣም። በዊንዶውስ ቢትሎከር ያለ ተጨማሪ ፒን፣ በማሽኑ የደኅንነት ቺፕ ብቻ ከሆነ እስከ መግቢያው ገጽ ራሱ ይደርሳል። ፒን ካለው ይቆማል። በሊኑክስ ሉክስ የሚጠቀም ሰው ድሮፕቤር የሚባል ትንሽ የኤስኤስኤች ሰርቨር በማስነሻው ውስጥ ጭኖ የይለፍ ቃሉን ከርቀት መስጠት ይችላል። ምስጠራውን ከማጥፋት ይልቅ መግቢያ አዘጋጁለት።

ራውተርና ሞደም ደግሞ ኃይል አይበሉም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ከ30 ዋት በታች ናቸው። ትንሽ ዩፒኤስ አጭር መቋረጦችን በቀላሉ ያሳልፍላቸዋል።

ትንሹ ዘበኛ

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ መሣሪያ ዋናው ኮምፒውተር አይደለም፤ ከራውተሩ ጎን የተቀመጠው ራስበሪ ፓይ ነው። ምንም የግል ፋይል የለበትም፤ ዲስኩም አልተመሰጠረም፤ ስለዚህ ኃይል በመጣ ቁጥር ሳይጠይቅ ይነሣል። ሥራው የዘበኛ ነው። ቪፒኤኑን ይይዛል፣ ዋናው ኮምፒውተር መኖር አለመኖሩን ያያል፣ ከጠፋ ይቀሰቅሰዋል።

የሚቀሰቅሰው ዌክ ኦን ላን በሚባለው ዘዴ ነው። የጠፋው ኮምፒውተር የኔትወርክ ካርዱ ትንሽ ኃይል እያገኘ አንድ ልዩ ፓኬት ይጠብቃል። ፓኬቱ ስድስት ባይት ሁሉም ቢታቸው 1 የሆነ፣ ከዚያ የካርዱ ማክ አድራሻ 16 ጊዜ የተደጋገመበት ነው፤ በጠቅላላው 102 ባይት። ይህ ፓኬት የሚሰራጨው በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ በቀጥታ መላክ አይመችም። ዘበኛው ውስጥ ስለሚገኝ ግን በአንድ ትእዛዝ ይልከዋል።

ዘበኛው ራሱ ቢደነዝዝስ? ራስበሪ ፓይ ዋችዶግ የሚባል የሃርድዌር ሰዓት አለው። ሲስተሙ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ «አለሁ» ካላለው ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሣዋል። ሚሞሪ ካርድ በኃይል መቋረጥ ሊበላሽ ስለሚችል ሲስተሙን በኤስኤስዲ ላይ ጫኑት። ሞደሙ ለሚደነዝዝበት ቤት ደግሞ በሌሊት ኃይል ቆርጦ የሚመልስ ሜካኒካል የሰዓት ሶኬት በቂ ነው። በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዝ ስማርት ሶኬት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሞደሙን ካጠፋ በኋላ «አብራ» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣበት ኢንተርኔት የለም።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አባቴ ታሞ አምስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። ከዚያ በፊት እኔ ጋ መጥቶ በነበረ ጊዜ የተነሣው የምርመራ ምስል ቤት ባለው ዲስክ ላይ ነበር። ሐኪሙ አዲሱን ከድሮው ጋር ለማነጻጸር ጠየቀው። እኔ ያለሁበት የአሜሪካ ሰፈር ሌሊቱን በነጎድጓድ ዝናብ መብራት ጠፍቶበት ነበር። የዘበኛውን መዝገብ ስከፍት 47 ደቂቃ የተቋረጠበትን፣ ኃይል ሲመለስ ራሱ የተነሣበትን፣ ከዚያም ዲስኩን የያዘውን ኮምፒውተር የቀሰቀሰበትን ሰዓት አየሁ። ፋይሉን ወደ ላፕቶፔ አውርጄ ለሐኪሙ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰጠሁት። በዚያ ሰዓት ማንንም ስልክ ደውዬ አልቀሰቀስኩም።

ሁለተኛ መንገድ ይኑራችሁ

አንዳንድ የሆቴልና የመሥሪያ ቤት ኔትወርኮች ዋየርጋርድ የሚጠቀምበትን ዩዲፒ ይዘጋሉ። ስለዚህ በፖርት 443፣ እንደ ተራ ድረ ገጽ የሚያልፍ ሁለተኛ መንገድ አዘጋጁ። የቴይልስኬል ማስተላለፊያ ሰርቨሮች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ወይም ራስትዴስክም እንደ መጠባበቂያ ይሆናል። ሁለቱ መንገዶች በአንድ አካውንት ላይ አይንጠልጠሉ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በአሜሪካ ስልክ ቁጥራችሁ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሲም ካርድ ስትቀይሩ ይቀርባችኋል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ማረጋገጫ መተግበሪያ አዛውሩት።

ርቀቱን ማታለል አይቻልም

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከ115 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ በእውነተኛው መንገድ ደግሞ ይበልጣል። ማውዙ ሲዘገይ ኮምፒውተራችሁን አትክሰሱ። ስክሪን ከመጎተት ይልቅ ፋይል ማምጣት፣ ኤስኤስኤች፣ ወይም ኤዲተሩ እዚህ ሆኖ ኮዱ እዚያ የሚሠራበትን አሠራር ምረጡ። መስመሩ ለሚቆራረጥበት ሞሽ ጥሩ ነው፤ የጻፋችሁትን ፊደል መልስ ሳይጠብቅ ያሳያል፣ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ስትቀይሩም አይቋረጥም። የቤታችሁንም የመላኪያ ፍጥነት እዩ፤ ከርቀት ፋይል ስታወርዱ የሚወስነው እሱ ነው።

አማርኛ ስትጽፉ

የርቀት ስክሪን ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚልኩት የተነካውን ቁልፍ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ ሁለት ሦስት ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳው በሁለቱም ጫፍ ከበራ ፊደሉ ይዘበራረቃል። በርቀት ዴስክቶፕ ስትሠሩ ከፊታችሁ ያለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ የቤቱን ብቻ አማርኛ አድርጉ። በኤስኤስኤች ግን ተቃራኒው ነው፤ ፊደሉ የሚሠራው ከፊታችሁ ባለው ማሽን ሆኖ በዩቲኤፍ 8 ይላካል፤ ቁልፍ ሰሌዳውም ፎንቱም የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

የመግቢያ ይለፍ ቃል ግን በአማርኛ አታድርጉ፤ የመግቢያው ገጽ ላይ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ላይኖር ይችላል። ጀርመን ያላችሁ ዋይና ዜድም ይጠንቀቁባችሁ፤ ቦታቸው የተለዋወጠ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ግቡ፤ በቤት ዋይፋይ የተደረገ ሙከራ ስለ ውጭው ምንም አይነግራችሁም። ቀጥሎ ሳትሰናበቱ ዋናውን ኮምፒውተር ከሶኬቱ ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰኩት፣ እጃችሁን አንሡ። ከዚያ ራውተሩን፣ ከዚያ ዘበኛውን፣ በመጨረሻም የቤቱን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍታችሁ አብሩ። ከእያንዳንዱ በኋላ ከውጭ መግባታችሁን አረጋግጡ። ኪቦርድ መንካት ያስፈለገበት ቦታ ካለ ያልተዘጋው ቀዳዳ እሱ ነው።

በራሱ የሚደገም ሥራ ስታዘጋጁ ሰዓቱን በዩቲሲ ጻፉ። «10 ሰዓት» ለእናታችሁ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተራችሁ ሌላ ነው። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ነገር አትጫኑ፣ የራውተሩንም ፈርምዌር አትቀይሩ። የቁልፎቹን ቅጂና የዘበኛውን አድራሻ በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ።

መልካም መንገድ።